መጥፎ ወሬ ወደ ላይ ይወጣል ወይ? በኃላፊና በሠራተኛ መካከል ስላለው መተማመን



መተማመን ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለማንም ብናቀርብ «መዋደድ ነው»፣ «መከባበር ነው» የሚል መልስ እናገኛለን። መልሱ ስሕተት ነው አንልም፤ ነገር ግን ለመሥሪያ ቤት አይበቃም። ሠራተኛውና ኃላፊው ተዋደው የከሰሩ ኩባንያዎች አሉ። ተከባብረው፣ እስከ በር እየተሸኛኙ፣ አንዱ ለሌላው እውነቱን ሳይነግረው ዓመት የሚያልፍባቸው መሥሪያ ቤቶችም አሉ። ስለዚህ እኛ በዚህ ጽሑፍ መተማመንን በሌላ መለኪያ እንለካዋለን። ይኸውም፦ ከታች ያለው ሠራተኛ መጥፎ ወሬ ሲኖረው ሳይፈራ ወደ ላይ ያደርሰዋል ወይ? ከላይ ያለው ኃላፊስ የሰጠውን ቃል ወደ ታች ያደርሳል ወይ?

መለኪያው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማናቸው ተረቶች ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጎትቱናል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል አንዱ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል ሁለተኛው። ሦስተኛውማ ጭራሽ ይብሳል፦ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው»። አባቶቻችን እነዚህን ያለ ምክንያት አልተናገሯቸውም፤ የተናገረ ሰው የሚጎዳበት ዘመን ስለነበረ ነው። ታዲያ እነዚህን ሦስት ተረቶች በኪሱ ይዞ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ባንክ ወይም ወደ ትምህርት ቤት የሚገባ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? የተበላሸ ነገር ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ኃላፊውም «ሁሉ ሰላም ነው» ሲባል ሰምቶ እፎይ ብሎ ይተኛል።

የአገራችን ልምድ ግን ተረት ብቻ አይደለም። በወላይታ ገጠር በከብት እርባታ ረገድ ሃራ የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ላም ያለው ሰው ግጦሽ ሲጠበው ወይም የሚጠብቅለት ሲያጣ ላሚቱን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ተቀባዩ ያበላታል፣ ያጠጣታል፣ በቤቱ ያሳድራታል፤ ለድካሙም ወተቷንና ቅቤዋን ያገኛል፣ ፍጓም ለእንሰት ጓሮው ይሆነዋል። ላሚቱ ግን የሰጪው ንብረት እንደሆነች ትቀራለች። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ኮታ የሚባል፣ በጋራ የመያዝና የመካፈል ልማድም አለ። እኛን የሚያስገርመን ባለቤቱ ጧት ጧት እየመጣ ወተት የማይለካ መሆኑ ነው። ልለካ ቢልስ እንዴት ይችላል? ቤቱ ምናልባት ከዳሞታ ተራራ ማዶ ይሆናል።

ነገሩ ሁሉ የሚንጠለጠለው በአንድ ክር ላይ ነው። ላሚቱ የታመመች ዕለት ጠባቂው ሳይውል ሳያድር ይልክበታል ወይስ እስክትሞት ዝም ይላል? ባለቤቱም በበኩሉ የሕመሟን ወሬ ይዞ የመጣውን ሰው «አንተ ነህ እንዲህ ያደረግካት!» ብሎ ከጮኸበት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወሬው የሚደርሰው ከቆዳው ጋር ነው። ከዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ጉዳይ አለ። ጠባቂው እንዲናገር ወይም ዝም እንዲል የሚያደርገው የጠባቂው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ያለፈው ጊዜ ሲናገር የገጠመው ፊት ነው።

አሁን ወደ ኩባንያ እንለፍ። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለአገራችን ሰው የሚቀርበው ምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። አየር መንገዱ በ1945 መጨረሻ ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል ተቋቋመ፤ በ1946 የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያን ጊዜ አብራሪውም ሆነ ሥራ አስኪያጁ የውጭ አገር ሰው ነበር። ሆኖም ሥራው ቀስ በቀስ ለኢትዮጵያውያን እንዲተላለፍ ታስቦ ነበርና ሥልጠናው ቀጠለ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የበረራ አዛዥ ሆኑ። በ1966 ውሉ ሲታደስ ኢትዮጵያዊ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከምሥረታው እስከዚያ 26 ዓመት ያህል ማለት ነው።

26 ዓመት ረዘመ የሚል አይጠፋም፤ እኛም ስንወያይበት ግማሾቻችን እንዲያ ብለናል። የርክክቡ ዓይነት ግን ትምህርት ይሰጣል። አውሮፕላን ውስጥ አዛዥ የሆነ ሰው እውነተኛ አዛዥ ነው። አየሩ ከከፋ ይመለሳል፤ ሞተሩ ካላማረው አይነሣም፤ አዲስ አበባ ደውሎ «ልመለስ ወይ?» ብሎ ፈቃድ አይለምንም። ስለዚህ ለአንድ ሰው የአዛዥነት መለያ መስጠት ማለት የሰው ነፍስና ውድ ንብረት በእጁ መስጠት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚያደርጉት የዚህን ግልባጭ ነው፤ ኃላፊነቱን ለሠራተኛው ይሰጡና ሥልጣኑን እነርሱ ጋ ያስቀምጣሉ። የመጋዘን ቁልፍ ሳይሰጡት የመጋዘን ጉድለት የሚጠይቁት ሠራተኛ ምን ዓይነት እምነት ይኖረዋል?

እንግዲህ ማመን ከላይ ወደ ታች የሚሰጠው እንዲህ ነው። ከታች ወደ ላይ ስለሚሄደው ወሬ ደግሞ ያው ቲ.ደብልዩ.ኤ. በራሱ አገር የደረሰበትን አደጋ እንመልከት። በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ 1974 የበረራ ቁጥሩ 514 የሆነ አውሮፕላኑ ወደ ዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቃረብ ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ ተራራ ጋር ተጋጭቶ ተሳፍረው የነበሩት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አየሩ ከባድ ነበር፤ አብራሪዎቹ ከመሬት የተሰጣቸውን ፈቃድ ወዲያው ዝቅ ማለት እንደሚችሉ አድርገው ተረዱት። አሳዛኙ ነገር ግን ሌላ ነው። ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ቦታ ያንኑ ስሕተት ሊሠሩ ለጥቂት ተርፈዋል። እነርሱም ዝም አላሉም፤ ለመሥሪያ ቤታቸው ተናገሩ። ዩናይትድም ለራሱ አብራሪዎች ማስጠንቀቂያ አስተላለፈ። ወሬው ግን አጥር ዘሎ ቲ.ደብልዩ.ኤ. ዘንድ አልደረሰም።

ከዚህ በኋላ አሜሪካኖች አንድ ጥያቄ ጠየቁ። አብራሪው፣ መካኒኩ፣ የመቆጣጠሪያ ማማ ሠራተኛው የሠራውን ስሕተት በራሱ እጅ ጽፎ እንዲልክ ምን እናድርግ? በ1976 የጀመሩት አሠራር እስካሁን አለ። ሪፖርቱን የሚቀበለው ቀጪው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ሥልጣኑ የማይቀጣው ናሳ ነው። የጻፈው ሰው ስም ከወረቀቱ ላይ ይፋቃል። ሆን ብሎ ያልሠራውን ስሕተት በ10 ቀን ውስጥ የተናገረ ሰው ከቅጣት ይድናል። ወንጀል የሠራ ወይም አደጋ ያደረሰ ግን በዚህ አይሸፈንም። እስካሁን ከሚሊዮን በላይ ሪፖርት ተልኳል። አስቡት! ከሚሊዮን በላይ ጊዜ ሰው ስለ ራሱ ስሕተት ወይም ስላየው አደገኛ ነገር ቁጭ ብሎ ጽፏል። በጠባዩ ከእኛ የተለየ ሰው ሆኖ አይመስለንም፤ ወረቀቱ ማን እጅ እንደሚገባ ስለሚያውቅ ነው።

«ይህ ለአውሮፕላን ነው፤ ተራ ፋብሪካ ውስጥ ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለእርሱ የፍሪሞንትን ነገር እንንገረው። ፍሪሞንት በካሊፎርኒያ ያለች ከተማ ናት፤ ጄኔራል ሞተርስ እዚያ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ነበረው። ፋብሪካው በመጥፎ ስሙ የታወቀ ነበር። ከመቶ ሠራተኛ እስከ 20 የሚደርሰው የሚቀርበት ጊዜ ነበር፤ ሥራ ላይ መጠጣት፣ ድንገተኛ አድማ፣ መኪናውን ሆን ብሎ ማበላሸት የተለመደ ሆኖ ነበር። ኃላፊዎቹ «ሠራተኛው የማይረባ ነው» ይሉ ነበር፤ ሠራተኛው ደግሞ ስለ ኃላፊዎቹ ከዚያ የባሰ ይል ነበር። በ1982 ተዘጋ።

በ1984 ያው ፋብሪካ ኑሚ በሚባል ስም፣ በጄኔራል ሞተርስና በጃፓኑ ቶዮታ ሽርክና እንደገና ተከፈተ። አብዛኞቹ ሠራተኞች እነዚያው የቀድሞዎቹ ነበሩ፤ ማኅበራቸውም ያው ነበር። የተለወጠው አመራሩ ነው። ቶዮታ ብዙዎቹን ወደ ጃፓን ልኮ አሠለጠናቸው፤ ሲመለሱ ከራሳቸው በላይ የተንጠለጠለ ገመድ አገኙ። ጉድለት ያየ ማንም ሠራተኛ ገመዱን ይስባል፤ የቡድኑ መሪ ሮጦ ይመጣል፤ ችግሩ በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ በሙሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በቀድሞው ፋብሪካ የማይታሰብ ነገር ነው! ያኔ መኪናው ጎማው ቢጣመም፣ በሩ ባይገጥም «ይለፍ፣ መጨረሻ ላይ ይታያል» ነበር የሚባለው፤ መስመር ማቆም የሚያስባርር ጥፋት ነበር። አሁን ግን «የአንተ ዓይን ከማሽኑ ይበልጥብናል» የተባለ ያህል ሆነ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሚቀረው ሠራተኛ ከመቶ 5 በታች ወረደ፤ የመኪናው ጥራትም ከጃፓን ከሚመጣው ጋር ይወዳደር ጀመር።

ገመዱ ብቻ አይደለም ይህን ያደረገው። ቶዮታና ሸሪኩ ሲጀምሩ፣ ሌላው መንገድ ሁሉ ካልተዘጋ በስተቀር ሠራተኛ ላለማባረር ቃል ገብተው ነበር። በ1988 ገበያው ወደቀና ፋብሪካው ከአቅሙ ብዙ ዝቅ ብሎ ይሠራ ጀመር። የተለመደው ነገር ሠራተኛ መቀነስ ነበር። አላደረጉትም። ሥራ የሌለውን ሰው ለሥልጠናና ለፋብሪካው ማሻሻያ ሥራ መደቡት። ያን ቀን ሠራተኛው ያወቀው ነገር ቢኖር ቃሉ ወረቀት ብቻ አለመሆኑን ነው። (ፋብሪካው በ2010 ተዘግቷል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር፤ ጄኔራል ሞተርስ ራሱ ከስሮ ከሽርክናው ወጥቶ ነበር።)

ጄኔራል ሞተርስ ይህን አይቶ እዚያው ካሊፎርኒያ ቫን ናይስ በሚባል ፋብሪካው ተመሳሳዩን ሞከረ። ገመድ ሰቀለ፤ ቡድን አቋቋመ። ነገር ግን አለቆቹ መስመር ሲቆም ማየት አልወደዱም፤ ሠራተኞቹም ነገሩን የሥራ ማጧጧፊያ ዘዴ አድርገው ጠረጠሩት። ገመዱ ተሰቅሎ ቀረ፤ ፋብሪካው በ1992 ተዘጋ።

ይህ የቫን ናይስ ነገር እኛን ትንሽ ይነካናል። ካይዘን ወደ አገራችን ከገባ ቆይቷል፤ በጃፓን እርዳታ ከ2009 ጀምሮ በ30 ኩባንያዎች ተሞክሮ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። በደንብ የሠሩበት ድርጅቶች አሉ፤ መካድ አይገባም። ብዙ ቢሮ ስንገባ ግን የምናየው በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ባለ ቀለም ሰሌዳ፣ በመደርደሪያው ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። የጸሐፊዋ ወንበር ሦስት እግር ከሆነ ዓመት አልፎታል፤ ማንም አልተናገረም፤ ሰሌዳው ግን ያበራል። ገመዱ አለ፤ የሚስብ የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ፤ ትምህርት ቤትም አሠሪና ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑት ሲደረግ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ሆነ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዛት 1,328 ደረሰ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 ከፍ ብሏል። ይህ ሁሉ የሆነበት ምክንያት አንድ ነው አንልም፤ ጦርነት ነበር፣ ኮሮና ነበር፣ የመጻሕፍት እጥረት ነበር። እኛን የሚያሳስበን ግን አንድ ጥያቄ ነው። እነዚህ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በየዓመቱ ሮስተር ላይ «ተዛውሯል» እየተባሉ ነው 12ኛ ክፍል የደረሱት። በየዓመቱ ከክፍል መምህር ወደ ርዕሰ መምህር፣ ከርዕሰ መምህር ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ሪፖርት ሄዷል። ታዲያ አንድ ልጅ 6ኛ ክፍል ሆኖ ማንበብ እንደማይችል የሚያውቀው መምህር ወሬውን የት ላይ ነው የጣለው?

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እንበል አንዲት መምህርት በመዝገቧ 70 ተማሪ አላት፤ በገበያ ቀን ክፍል የሚገኙት 40 ናቸው። 40 ብላ ከጻፈች ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ «ለምን ተማሪ አቋረጠብሽ?» ይላታል፤ የሥራ አፈጻጸም ነጥቧም ይቀነሳል። 70 ብላ ከጻፈች የሚጠይቃት የለም። ርዕሰ መምህሩም ያውቃል፤ እርሱም በበኩሉ ወረዳ ስብሰባ ላይ መነሣትና መወቀስ አይፈልግም። እንዲህ እያለ በየደረጃው ትንሽ ትንሽ እየታጠበ የሚወጣው ሪፖርት ላይ ሲደርስ በረዶ መስሎ ይነጣል። «ያጋጠመ ችግር» በሚለው ሰንጠረዥ ውስጥ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ «የለም» ተብሎ ይሞላል። መምህርቷን ውሸታም ማለት ቀላል ነው። እኛ ግን የሃራ ላም ጠባቂውን እናስታውሳለን፤ ያለፈው ጊዜ ስትናገር ምን ፊት ገጠማት?

የዚህ ሌላው ገጽታ ከላይ ወደ ታች የሚመጣው ቃል ነው፤ ደመወዝ ደግሞ ከቃል ሁሉ የሚቀድመው ነው። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞንና በሌሎችም አካባቢዎች የመምህራንና የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በወቅቱ አለመከፈሉ በአደባባይ የተነገረ ጉዳይ ነው። ይህን የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም፤ በእኛም ላይ ነገ ሊመጣ ስለሚችል ነው። ደመወዝ ሲዘገይ ሁለት ነገር ይጠፋል። አንዱ ገንዘቡ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ቀለብ፣ የሱቅ ዱቤ ሁሉ ይቆማል። ሁለተኛው ገንዘቡ ሲከፈልም የማይመለስ ነው። ወሩ ሲያልቅ «ነገ ይገባል» የተባለ፣ ከዚያ «ሰኞ» የተባለ፣ ከዚያ ምንም ያልተባለ መምህር፣ በሚቀጥለው ዓመት «የማጠናከሪያ ትምህርት ስጥ፣ ክፍያው ኋላ ይታሰባል» ሲባል ምን ያስባል? ከኃላፊዎች መካከል ባዶ እጃቸውን ቢሆኑም መምህራንን ሰብስበው «ይህን ያህል ጎድሎናል፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ በዚህ ቀን ይህን ያህል ይገባል» ብለው የሚናገሩ አሉ፤ ወሬ ሽሽት ቢሮ ቆልፈው የሚጠፉም አሉ። መናገር ሆድ አይሞላም፤ ይህን እናውቃለን። ሆኖም የተነገረው ሰው ቢያንስ ባለሱቁን ቀጠሮ መጠየቅ ይችላል።

«እኛ ገና ሠልጣኞች ነን፤ ኃላፊም አይደለንም፤ ይህ ሁሉ ምናችን ነው?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ይሁን እንጂ መምህር ክፍል ሲገባ ኃላፊ ይሆናል። «ገብቷችኋል?» ብለን ስንጠይቅ 60 ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ይህም የታጠበ ሪፖርት ነው። «አልገባኝም» ያለው ልጅ ባለፈው ሳምንት ተስቆበት ከሆነ ዛሬ አዎ ከሚሉት ጋር አብሮ ይጮኻል፤ እኛም ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እንሻገራለን። በልጆቹ መካከል ከእኛ የቤት ልጅነት ጀምሮ በሚያውቁት ልማድ፣ ለታላቅ «አልገባኝም» ማለት ድፍረት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄውን ትቶ ሁሉም በደብተሩ አንድ ስሌት ሠርቶ እንዲያሳይ ማድረግ ይሻላል። እጁ የሚያሳየውን አፉ አይደብቀውም። ልጁ ከተሳሳተም ስሕተቱን ሰሌዳ ላይ ወስዶ «ይህ ስሕተት የሚጠቅመን ነው፤ እስኪ የት ላይ እንደተጠማዘዘ አብረን እንፈልግ» ማለት በፍሪሞንት ገመድ ለሳበው ሠራተኛ ሮጦ ከሚመጣው የቡድን መሪ ጋር አንድ ነው።

በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ ወደ ቦዲቲ፣ ወደ አረካ፣ ወደ ሁምቦና ወደ ገሱባ እንበተናለን። በልምምድ መዝገባችን ውስጥ «ያጋጠመ ችግር» የሚል ቦታ አለ፤ መዝገቡም ነጥብ ይሰጥበታል። እዚያ ላይ «ክፍሉን ዝም ማሰኘት አቃተኝ» ብሎ የጻፈ ሠልጣኝ ነጥብ ይቀነስበታል ወይስ አይቀነስበትም? ከቀደሙን ሠልጣኞች የሰማነው የተለያየ ነው፤ አንዳንዶቹ «ጻፉ፣ መምህሩ ይረዳችኋል» ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ «የለም ብላችሁ እለፉ» ይላሉ። መምህሮቻችን በዚህ ጉዳይ አሳባቸውን ከመሄዳችን በፊት ቢነግሩን እንወዳለን። ለዚህም ከዚህ ጽሑፍ ሥር ባዶ ወረቀት ለጥፈናል፤ እርሳሱ በክር ታስሯል። ሠልጣኞችም ጥያቄ ካላችሁ እዚያው ጻፉ። ለጊዜው ስም መጻፍ አያስፈልግም።